ለካንሰር ምርምር ገንዘብ የሚሰበሰብበት የብስክሌት ጉዞ፤ አሠራሩና ሒሳቡ

ከአሜሪካና ከካናዳ ነጋዴዎች ጋር የሚጻጻፍ ላኪ ወይም አስመጪ፣ ከሚደርሱት ደብዳቤዎች መካከል ስለ ዕቃ ዋጋም ሆነ ስለ መርከብ ጭነት የማይናገር አንድ ደብዳቤ ሊያገኝ ይችላል። ጸሐፊው ረጅም መንገድ በብስክሌት ለመጓዝ መመዝገቡን ይገልጻል፤ ጉዞውም ስለ ካንሰር በሽታ ለሚደረገው ምርምር ገንዘብ ማግኛ መሆኑን አስረድቶ፣ ወዳጆቹ የሚቻላቸውን ያህል እንዲረዱት ይለምናል። ነገሩ አዲስ የሆነበት ሰው ሁለት ጥያቄዎች ይነሡበታል። የመጀመሪያው፣ የአንድ ሰው ብስክሌት መንዳትና የበሽታ ምርምር ምን ያገናኛቸዋል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ የተሰጠው ገንዘብ ከታሰበለት ቦታ መድረሱ በምን ይታወቃል የሚል ነው። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ በተለይ የነጋዴ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ዕቃ ልኮ የዕቃውን መድረስ የማያረጋግጥ ነጋዴ በንግዱ ብዙ አይቆይም።

ለሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት አንድ የታወቀ ምሳሌ መመልከት ይበቃል። ይኸውም በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በየዓመቱ የሚደረገው ፓን ማሳቹሴትስ ቻሌንጅ የተባለው የብስክሌት ጉዞ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የጉዞው አመጣጥ

ጉዞው ከመጀመሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ በ1947 ዓ.ም. ዶክተር ሲድኒ ፋርበር የተባሉ የቦስተን ሐኪም በሕፃናት ላይ ስለሚደርሰው ካንሰር የሚመረምር አንድ ድርጅት አቋቋሙ። በዚያ ዘመን የደም ካንሰር የያዘው ሕፃን በጥቂት ሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ መሞቱ የማይቀር ነበር። ዶክተር ፋርበር በ1948 ዓ.ም. አሚኖፕቴሪን የተባለ መድኃኒት ለ16 ሕፃናት ሰጥተው፣ ከነዚህ ውስጥ በ10ሩ ላይ በሽታው ለጊዜው መለስ ማለቱን በሕክምና መጽሔት አስታወቁ። የተገኘው ፈውስ ጊዜያዊ ቢሆንም፣ ይህን በሽታ በመድኃኒት ማስታገሥ እንደሚቻል ስለ ተረጋገጠ የምርምሩ በር ተከፈተ።

ነገር ግን ምርምር ያለ ገንዘብ አይራመድም። በዚያው በ1948 ዓ.ም. በግንቦት ወር በቦስተን ሆስፒታል ተኝቶ የነበረ አንድ የ12 ዓመት ልጅ በሬዲዮ ቀርቦ ከሚወዳቸው የቤዝቦል ተጫዋቾች ጋር ሲነጋገር ሕዝቡ ሰማ። የልጁ እውነተኛ ስም እንዳይታወቅ ተብሎ «ጂሚ» ተባለ። የቤዝቦሉን ጨዋታ በሆስፒታል ሆኖ እንዲመለከት የቴሌቪዥን መሣሪያ ለመግዛት 20,000 ዶላር እንዲዋጣ ቢጠየቅ፣ ከ200,000 ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ የገንዘብ ማሰባሰቢያው ክፍል «የጂሚ ፈንድ» ተብሎ ሲጠራ ኖሯል። ብዙ ሰው ልጁ እንደ ሞተ ያምን ነበር፤ ይሁን እንጂ በ1998 ዓ.ም. በሕይወት ያለ አዛውንት ሆኖ በአደባባይ ታየ። ዶክተር ፋርበር ያቋቋሙት ድርጅት ዛሬ ዳና-ፋርበር የካንሰር ተቋም በሚል ስም ይታወቃል።

የብስክሌቱን ጉዞ የጀመረው ቢሊ ስታር የተባለ የማሳቹሴትስ ሰው ነው። እናቱ በ1974 ዓ.ም. በቆዳ ካንሰር ሞተውበታል። በ1980 ዓ.ም. 35 ያህል ወዳጆቹንና የወዳጅ ወዳጆችን አስተባብሮ፣ ከስፕሪንግፊልድ ከተማ ተነሥተው በባሕር ዳር እስከምትገኘው እስከ ፕሮቪንስታውን ድረስ 220 ማይል ያህል በብስክሌት ተጓዙ። በዚያ ዓመት ለጂሚ ፈንድ የተሰጠው ገንዘብ 10,200 ዶላር ነበር። ይህ ገንዘብ ለአንድ ትልቅ የምርምር ተቋም በጣም ጥቂት ነው፤ ሆኖም ጉዞው በየዓመቱ ሳይቋረጥ ቀጠለ። በ2024 ዓ.ም. ከ6,000 በላይ ብስክሌተኞች የተካፈሉበት ጉዞ 75 ሚሊዮን ዶላር አስገኘ፤ ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ የተሰበሰበውም ጠቅላላ ገንዘብ በዚሁ ዓመት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። የጂሚ ፈንድ በዓመት ከሚያገኘው ገቢ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከዚህ ጉዞ የሚመጣ ነው።

ከ10,200 ዶላር ወደ 75 ሚሊዮን ዶላር የተደረሰው በብስክሌተኞቹ ቁጥር መብዛት ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት የተሰበሰበው ገንዘብ ለነጂዎቹ ሲካፈል ለአንዱ ከ300 ዶላር በታች ይደርሰው ነበር፤ በ2024 ዓ.ም. ግን ለአንዱ ከ10,000 ዶላር በላይ ይደርሰዋል። የገንዘብ ዋጋ በዘመናት መካከል መርከሱ ቢታሰብ እንኳ ልዩነቱ ብዙ ነው። ስለዚህ ምክንያቱን በአሠራሩ ውስጥ መፈለግ ያሻል።

ነጂው ዋስ ነው

የዚህ ዐይነቱ ጉዞ ዋና ምሥጢር፣ ተመዝግቦ የሚጓዘው ሰው ለማኝ ብቻ ሳይሆን ዋስም መሆኑ ነው። ለመጓዝ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የመመዝገቢያ ገንዘብ ይከፍላል። ከዚያም እንደ መረጠው መንገድ ርዝመትና እንደ ቀኑ ብዛት የተወሰነ ዝቅተኛ የስጦታ ገንዘብ ለማምጣት ቃል ይገባል፤ ሁለቱን ቀን ሙሉ ለሚጓዝ ሰው ይህ መጠን ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ቃሉም በአየር ላይ የሚቀር አይደለም። ተመዝጋቢው የክሬዲት ካርዱን ቁጥር ያስይዛል፤ ከጉዞው በኋላ በተወሰነው ቀን ድረስ ከወዳጆቹ ያገኘው ስጦታ ከዝቅተኛው መጠን ያነሰ እንደሆነ ጉድለቱ ከራሱ ካርድ ይከፈላል።

ይህ አሠራር ለኢትዮጵያ ነጋዴ እንግዳ አይደለም። ዕቁብ የገባ ሰው ዕጣ ወጥቶለት ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ እንዲጠራ የሚጠየቀው፣ የቀሩት ዕቁብተኞች ገንዘባቸውን እንዳያጡ ነው። በውጭ ንግድም ላኪው ዕቃውን ከመጫኑ በፊት የገዢው ባንክ የመተማመኛ ሰነድ እንዲደርሰው ይጠብቃል። በብስክሌቱም ጉዞ የምርምሩ ተቋም ምን ያህል ገንዘብ ሊያገኝ እንደሚችል አስቀድሞ ለመገመት የሚያስችለው ይኸው ዋስትና ነው። ገቢውን ሊገምት የሚችል ተቋም ደግሞ ሠራተኛ ለመቅጠርና የብዙ ዓመት የምርምር ዕቅድ ለማውጣት አይቸገርም።

ከዚህም ሌላ ዋስትናው የሰዎችን ጠባይ ይለውጣል። ምንም ግዴታ የሌለበት ሰው ለሦስት ወይም ለአራት ወዳጆቹ ጽፎ ዝም ይላል፤ ጉድለቱ ከራሱ ኪስ እንደሚወጣ የሚያውቅ ግን ለመቶ ሰው ይጽፋል፣ ያልመለሱትንም ደግሞ ያሳስባል። የሚሰጠውም ሰው ቢሆን፣ ጠያቂው ራሱ ጊዜውን፣ ጉልበቱንና ገንዘቡን አስይዞ መነሣቱን ሲያይ ልቡ ይራራል። አንድ ሰው መቶ ወዳጆቹን 50፣ 50 ዶላር ቢያስወጣ 5,000 ዶላር ያገኛል፤ ከመቶዎቹ ግን አንዱም ቢሆን ብቻውን 5,000 ዶላር ለመስጠት ባልተነሣም ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ይህ ነው፤ ምርምሩን የሚረዳው የብስክሌቱ መንኰራኵር ሳይሆን፣ ነጂው በወዳጆቹ ዘንድ ያለው መታመን ነው።

በአሜሪካ ያሉ ብዙ የንግድ ድርጅቶችም በዚህ ላይ ይጨምሩበታል። ሠራተኛቸው ለበጎ አድራጎት የሰጠውን ገንዘብ ያህል ድርጅቱ ከራሱ ካዝና አክሎ የመስጠት ልማድ አለ፤ ስለዚህ የሠራተኛው 100 ዶላር 200 ይሆናል። ሌሎችም ሠራተኞቻቸውን በቡድን አስመዝግበው በድርጅቱ ስም ይልካሉ። ይህን የሚያደርጉት ለርኅራኄ ብቻ ሳይሆን፣ የሠራተኞቻቸውን አንድነት ለማጠንከርና ስማቸውን በመልካም ለማስጠራትም ጭምር መሆኑ የተሰወረ አይደለም።

ሁለት ልዩ ልዩ ካዝናዎች

ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ የሚገኘው በሒሳቡ አያያዝ ነው። ስድስት ሺህ ሰው ሁለት ቀን በመንገድ ላይ ማጓዝ ብዙ ወጪ እንዳለው ግልጥ ነው። ምግብና ውኃ፣ ድንኳን፣ የጭነት መኪና፣ የሕክምና ጓድ፣ የመንገድ ጥበቃ፣ ኢንሹራንስ፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ደመወዝ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። ይህ ወጪ ከለጋሾች ስጦታ ላይ ቢነሣ፣ የካንሰር ምርምር እንዲረዳ ብሎ 100 ዶላር የሰጠው ሰው ገንዘቡ በከፊል ለድንኳን ኪራይ መዋሉን ሲሰማ ቅር መሰኘቱ አይቀርም።

ስለዚህ የጉዞው አስተዳደር ወጪውንና ስጦታውን ይለያል። በአንደኛው ካዝና የመመዝገቢያው ገንዘብና የንግድ ድርጅቶች ስለ ማስታወቂያቸው የሚከፍሉት ድጋፍ ይገባሉ፤ የጉዞው ወጪ የሚከፈለው ከዚህ ነው። በሁለተኛው ካዝና ነጂዎቹ ከወዳጆቻቸው የሰበሰቡት ስጦታ ይገባል። ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ሁለተኛው ገንዘብ ከመቶ መቶው ለዳና-ፋርበር ይተላለፋል።

የቡና ላኪዎች ይህን በቀላሉ ይረዱታል። ጆንያው ሲመዘን የሚገኘው ጥቅል ክብደት አንድ ነገር ነው፤ የጆንያው ክብደት ተቀንሶ የሚቀረው የተጣራ ክብደት ሌላ ነገር ነው፤ ገዢው የሚከፍለውም ለተጣራው ነው። በዚህ ጉዞ ግን የጆንያውን ዋጋ ሌላ ሰው ስለሚችል፣ ለጋሹ የሰጠው ጥቅል ገንዘብና ለምርምር የሚደርሰው የተጣራ ገንዘብ እኩል ይሆናሉ።

የወጪውን ካዝና የሚሞሉት ደጋፊ ነጋዴዎች ሁለት ዐይነት ናቸው። አንዳንዶቹ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ሌሎቹ ዕቃ ወይም አገልግሎት ይሰጣሉ። ውኃና ለስላሳ መጠጥ የሚሸጥ ውኃውን፣ ፍራፍሬና ዳቦ የሚነግድ ምግቡን፣ የጭነት ሥራ ያለው መኪናውን፣ የብስክሌት መደብር ያለው መካኒኮቹንና መለዋወጫውን ያበረክታል። በዚህ መንገድ የሚሰጥ ዕቃ ሰጪው በመግዣ ዋጋ የሚያስበው ሲሆን፣ ተቀባዩ ደግሞ በገበያ ዋጋ ሊገዛው የነበረ ነው፤ ስለዚህ ሰጪው ካወጣው ይልቅ ተቀባዩ የዳነበት ወጪ ይበልጣል። ባለ ሱቅ ሁሉ ሊያስተውለው የሚገባ ቁም ነገር ነው።

በጉዞው ቀን ከሚሠሩት ሰዎች ውስጥ ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች መሆናቸውም ወጪውን ያቀልላል፤ ቁጥራቸው በሺህ የሚቈጠር ነው። ሳንድዊች የሚያዘጋጁ፣ ሻንጣ የሚጭኑና የሚያወርዱ፣ በመስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመው አቅጣጫ የሚያሳዩ፣ ሐኪሞችና ነርሶች፣ የደከመውን ጡንቻ የሚያሹ ባለሙያዎች ሁሉ በዚህ ውስጥ ይቈጠራሉ።

ከመመዝገብ እስከ መድረሻ

ምዝገባው የሚደረገው በዓመቱ መጀመሪያ፣ ብርዱ ገና ሳያልፍ ነው። ጉዞው በነሐሴ ወር መጀመሪያ ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ፣ ለዝግጅት ብዙ ወራት ይገኛሉ። ሥራው በቢሮ ተቀምጦ የሚውል ሰው እነዚህን ወራት ሳይጠቀምባቸው ቢቀር በመንገድ ላይ ይቸገራል። ዝግጅቱ በአጭር መንገድ ተጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት እየረዘመ መሄድ አለበት፤ በድንገት ብዙ መንገድ የሚሄድ ሰው ጉልበቱንና ወገቡን ይጎዳል። የብስክሌቱ ቁመት ለሰውየው ልክ መሆኑም ከብስክሌቱ ዋጋ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ኮርቻው ከመጠን በላይ ዝቅ ያለ እንደሆነ ጉልበት ይታመማል፣ ከመጠን በላይ ከፍ ካለም ዳሌ ይወላገዳል።

በጉዞው ላይ ሁለት ቀን የሚነዱት ሰዎች የመረጡት መንገድ እንደ መነሻቸው ይለያያል። ከስተርብሪጅ ተነሥቶ ፕሮቪንስታውን የሚደርሰው የታወቀው መንገድ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመጀመሪያው ቀን ማታ ቦርን በተባለችው ከተማ፣ በማሳቹሴትስ የባሕር ትምህርት ቤት ግቢ ያድራሉ። በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ትልቁን የቦርን ድልድይ ከተሻገሩ በኋላ፣ እንደ ክንድ ታጥፎ ወደ ባሕሩ በሚገባው በኬፕ ኮድ የብስ ላይ እየተጓዙ ከጫፉ ይደርሳሉ። ይህን ያህል ለማይችሉ ሰዎች የአንድ ቀንና ከዚያም ያነሱ መንገዶች አሉ። ጉዞው እሽቅድምድም አይደለም፤ ቀድሞ ለደረሰ ሽልማት የለም።

በመንገዱ ላይ በየጊዜው የውኃና የምግብ ማረፊያ ይገኛል። ልምድ ያላቸው ነጂዎች ለአዲሶቹ የሚሰጡት ምክር ሳይጠሙ መጠጣት፣ ሳይርቡ መብላት ነው፤ ጥማትና ረኃብ ከተሰማ በኋላ ኀይል ለመመለስ ጊዜ ይወስዳልና። የራስ መከላከያ ቆብ ማድረግ ግዴታ ነው። በብዛት ተጠጋግተው ስለሚነዱም፣ ለማቆምም ሆነ ለመታጠፍ የሚፈልግ ሰው በእጁና በድምፁ ማስታወቅ አለበት።

ከነጂዎቹና ከበጎ ፈቃደኞቹ መካከል ራሳቸው በካንሰር ታመው የዳኑ ብዙ ሰዎች ይገኛሉ። አንዳንድ ቡድኖች ደግሞ በዳና-ፋርበር ከሚታከሙት ሕፃናት አንዱን ወዳጅ አድርገው ይይዛሉ፤ የልጁን ስዕል ይዘው ይጓዛሉ፣ ወላጆቹም ልጁን ይዘው በመንገድ ዳር ይጠብቋቸዋል። ገንዘብ ሰብሳቢው ገንዘቡ ለማን እንደሚደርስ በዐይኑ ያያል ማለት ነው። በሚመጣው ዓመት እንደገና ለመመዝገብ የሚመለሰው ሰው መብዛትም ከዚህ የተነሣ ነው።

ገንዘቡ የሚሠራው ሥራ

በአሜሪካ ለካንሰር ምርምር ከሁሉ የበለጠ ገንዘብ የሚሰጠው መንግሥት ነው። ታዲያ የግል ስጦታ ለምን አስፈለገ የሚል ሰው ይኖራል። መንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው የምርምሩ ሐሳብ በባለሙያዎች ተመርምሮ ሲጸድቅ ነው፤ መርማሪዎቹም ሐሳቡ ፍሬ እንደሚሰጥ የሚያመለክት የመጀመሪያ ማስረጃ ማየት ይፈልጋሉ። ነገር ግን የመጀመሪያው ማስረጃ ራሱ ያለ ገንዘብ አይገኝም። ገና ስም ያላወጣ ወጣት ሊቅ፣ ወይም ማንም ያልሞከረው አዲስ ሐሳብ በዚህ ምክንያት በጅምሩ ሊቀር ይችላል። ከብስክሌት ጉዞ የሚገኘው ገንዘብ ለአንድ ለተወሰነ ነገር ብቻ የታሰረ ባለመሆኑ ይህን ክፍተት ለመሙላት ይጠቅማል። በንግድ ቋንቋ ለመናገር፣ ባንክ ብድር ከመስጠቱ በፊት ነጋዴው ራሱ ይዞት የሚነሣው የመቋቋሚያ ገንዘብ ማለት ነው።

ምርምር ትርፉ ዘግይቶ የሚታይ ንግድ መሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። በዳና-ፋርበር የሚሠሩት ዶክተር ዊልያም ኬሊን በ1990ዎቹ ዓመታት በዘር የሚወረስ፣ በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ የሚታይ ቮን ሂፕል-ሊንዳው የተባለ በሽታ መመርመር ጀመሩ። በሽታው በኩላሊትና በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ላይ ዕጢ የሚያበቅል ነው። ምርምሩ የሰውነት ሕዋሶች የኦክሲጅንን ማነስና መብዛት እንዴት እንደሚያውቁ ለማስረዳት ረዳ፤ ስለዚህም ዶክተር ኬሊን በ2019 ዓ.ም. ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። በዚሁ ዕውቀት ላይ የተመሠረተ ቤልዙቲፋን የተባለ መድኃኒት በ2021 ዓ.ም. ለዚያ በሽታ በአሜሪካ ተፈቀደ። ከመጀመሪያው ምርምር እስከ መድኃኒቱ ድረስ ከ25 ዓመት በላይ አለፈ። ይህ ሁሉ በብስክሌት ገንዘብ ብቻ የተሠራ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራበት ተቋም ከዓመት ዓመት የማይቋረጥ ገቢ የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ በግልጥ ያሳያል።

የትዕግሥት ዋጋ በሕፃናት የደም ካንሰር ላይ ከሁሉ ይበልጥ ይታያል። በዶክተር ፋርበር ዘመን የማይድን የነበረው ይህ በሽታ፣ ዛሬ መድኃኒትና ሕክምና በተሟላባቸው አገሮች ከአሥር ሕፃናት በዘጠኙ ግድም ላይ ይድናል። የአሚኖፕቴሪን ተከታይ የሆነው ሜቶትሬክሴት የተባለው መድኃኒትም እስከ ዛሬ ድረስ በሥራ ላይ ነው።

ጉዞ ያልተደረገበት ዓመት

በ2020 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በዓለም ላይ በተስፋፋ ጊዜ ሰዎች ተሰብስበው መጓዝ ስላልቻሉ የተለመደው ጉዞ ተሰረዘ። የጉዞው ሥራ በብስክሌትና በመንገድ ብቻ የቆመ ቢሆን ኖሮ የዚያ ዓመት ገቢ ከናካቴው በጠፋ ነበር። ይሁን እንጂ ነጂዎቹ በየሰፈራቸውና በየቤታቸው ብቻ ለብቻ እየነዱ፣ ለወዳጆቻቸው እንደ ወትሮው ስለ ጻፉ 50 ሚሊዮን ዶላር ተሰበሰበ። በ2019 ዓ.ም. ከተገኘው ከ63 ሚሊዮን ዶላር ያነሰ ቢሆንም፣ ከአምስቱ እጅ አራቱ ያህል ሳይጎድል ቀርቷል ማለት ነው። ለአርባ ዓመት በተጠበቀ ቃልና በንጹሕ ሒሳብ የተገኘ መታመን ራሱ እንደ መጠባበቂያ ገንዘብ ሆኖ በክፉ ቀን ደረሰ።

ስለ ወጪ የተነሣው ክርክር

ሁሉም ጉዞ እንዲህ ያለ ሒሳብ አለው ማለት አይደለም። በ1990ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ለሌላ በሽታ መርጃ የተደረጉ ብዙ ቀን የሚፈጁ የብስክሌት ጉዞዎች ነበሩ። እነዚህን ያዘጋጅ የነበረው ለትርፍ የተቋቋመ ድርጅት ሲሆን፣ የማስታወቂያውና የዝግጅቱ ወጪ ከስጦታው ላይ ይነሣ ስለ ነበር በጋዜጦች ብዙ ክርክር ተነሣ።

በክርክሩ ውስጥ በሁለቱም ወገን ቁም ነገር ነበር። የአዘጋጁ ወገን፣ ብዙ ወጪ ተደርጎ ብዙ ገንዘብ ቢገኝ ለበሽተኛው የሚደርሰው የተጣራ ገንዘብ ከአነስተኛና ቆጣቢ ጉዞ ከሚገኘው ይበልጣል ብሎ ይከራከር ነበር። ይህ አባባል በንግድ ሒሳብ ስሕተት የለበትም፤ ከመቶ 60 የሚያተርፍ ትልቅ ሥራ ከመቶ 95 ከሚያተርፍ ትንሽ ሥራ የበለጠ ሊያስገኝ ይችላል። የተቃዋሚው ወገን ግን፣ ሰጪው ገንዘቡን ሲሰጥ ይህን ሳይነገረው ከቀረ ስጦታው በማወቅ የተሰጠ አይባልም የሚል ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ወጪ ማውጣት ነውር መሆኑ ሳይሆን፣ ወጪን መደበቅ የመታመንን ሥር የሚቆርጥ መሆኑ ነው።

ነጋዴው ከመስጠቱ በፊት የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

የእርዳታ ደብዳቤ የደረሰው ነጋዴ የሚከተሉትን ነጥቦች ቢመረምር ገንዘቡን በማስተዋል ይሰጣል።

አንደኛ፣ ከሚሰጠው ገንዘብ ለምርምሩ የሚደርሰው ስንት እጅ ነው? የጉዞውስ ወጪ የሚከፈለው ከየት ነው?

ሁለተኛ፣ ገንዘቡን የሚቀበለው ማን ነው? በነጂው የግል ስም ከመስጠት በቀጥታ ለድርጅቱ ሰጥቶ ደረሰኝ መቀበል ይሻላል። ዛሬ ዛሬ እውነተኛውን የሚመስሉ የሐሰት ደብዳቤዎች በኢንተርኔት ስለሚላኩ፣ በደብዳቤው ላይ በተጻፈው አድራሻ ብቻ ሳይተማመኑ የድርጅቱን አድራሻ በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ የድርጅቱ ዓመታዊ ሒሳብ ለሕዝብ ይታያል ወይ? በአሜሪካ ሕግ ከግብር ነጻ የሆኑ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤት የሚያቀርቡትን መግለጫ ለሚጠይቃቸው ሰው የማሳየት ግዴታ አለባቸው፤ ስለዚህ «ሒሳቡ ምሥጢር ነው» የሚል መልስ ተቀባይነት የለውም።

አራተኛ፣ ነጂው ራሱ ምን አስይዟል? የተወሰነ መጠን ለማምጣት ግዴታ ገብቶ እንደሆነና ከራሱም ሰጥቶ እንደሆነ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አምስተኛ፣ ስጦታው ለሰጪው የግብር ቅነሳ ያስገኛል ወይ? በአሜሪካ ግብር የሚከፍል ሰው ሕጉ በሚፈቅደው መጠን ከገቢው ላይ ሊያስቀንስ ይችላል፤ በዚያ አገር ግብር የማይከፍል ነጋዴ ግን ከዚህ የሚያገኘው ጥቅም የለም። ከኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ መላክም በብሔራዊ ባንክ ደንብ የሚፈጸም ስለሆነ፣ ቃል ከመግባት በፊት ባንክን ማነጋገር ይገባል።

በስፖርት ምክንያት ለበጎ ሥራ ገንዘብ መሰብሰብ ለኢትዮጵያም አዲስ ነገር አይደለም፤ ከ2001 ዓ.ም. አንሥቶ በአዲስ አበባ በየዓመቱ የሚደረገው ታላቁ ሩጫ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ሲያሰባስብ ቆይቷል። ወደፊት እንዲህ ያለ ጉዞ ወይም ሩጫ ሲዘጋጅ የንግድ ቤቶች እርዳታ መጠየቁ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ነጋዴው ሊሰጠው የሚችለው ከሁሉ የበለጠ እርዳታ ከስጦታው ካዝና የሚገባው ገንዘብ ላይሆን ይችላል። የወጪውን ካዝና ለመሙላት ውኃውን፣ መኪናውን፣ መጋዘኑንና የሒሳብ ሠራተኛውን ቢያበረክት፣ ተራው ሰው ከደመወዙ ቀንሶ የሰጠው እያንዳንዱ ብር ሳይሸራረፍ ለበሽተኛው እንዲደርስ ያደርጋል።